ቼክ ኢንጂን ሲበራ ኮዱን ሳታዩ አታስጠፉ

መብራቱ የበራው ደንገጎ ዳገት ላይ ነው። ከድሬ ወደ ሐረር እየወጣሁ ነበር። ሞተሩ አልተንቀጠቀጠም፣ ጉልበቱም አልቀነሰም። ቢጫዋ መብራት ብቻ ቦግ ብላ ቀረች። ብልጭ ድርግም ስላላለች ቀስ ብዬ ቀጠልኩ። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ በደንብ ሳይቃጠል እያለፈ ነው፤ የጭስ ማጣሪያውን፣ ካታሊስቱን፣ ይጨርሰዋል። ያኔ ዳር ይዞ ማቆም ነው።

የተሳሳትኩት በማግስቱ ነው። ድሬ ተመልሼ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ልጁ መሣሪያውን ከመሪው ስር ሰካ፣ ስክሪኑን አየት አደረገና «አቦ፣ ኦክስጅን ሴንሰር ነው» አለኝ። ኮዱን፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር፣ ወዲያው አጠፋው። ስንት ቁጥር ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን ይህን ሴንሰር ገዛሁ፤ የወር አስቤዛዬን በላው። በአራተኛው ቀን መብራቱ ተመለሰ።

ስመለስ ሌላ ነገር ተባለ። «ዳገት ላይ አይደል የበራው? የቤንዚን ፖምፓው ደክሟል።» ኮዱን ደግመው አጠፉትና ፖምፓ ፈልግ ብለው ሰደዱኝ።

እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መኪናው ኮድ ሲይዝ የዚያችን ቅጽበት ሁኔታም አብሮ ይመዘግባል፦ የሞተሩን ሙቀት፣ ዙሩን፣ ፍጥነቱን። ኮዱ ሲጠፋ ያ ሁሉ ይጠፋል። ባትሪ መንቀልም ያው ነው። ደግሞ ብዙ ብልሽቶች መብራቱን የሚያበሩት በሁለተኛ ጉዞ ሲደገሙ ነው። ስለዚህ ደንገጎ ላይ በራ ማለት ችግሩ ደንገጎ ላይ ጀመረ ማለት አይደለም። ይህን ሊነግረን የሚችለውን መረጃ ሁለት ጊዜ አጠፋነው። እኔም ቆሜ እያየሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲበራ ትንሿን የብሉቱዝ መሣሪያ ገዝቼ ከስልኬ ጋር አገናኘኋት። ኮዱ ፒ0171 ነው። ለቤንዚኑ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ግን አይናገርም። ኦክስጅን ሴንሰሩ ያየውን ነበር የተናገረው፤ እኛ ግን እሱኑ ነቅለን ጣልነው።

ከዚያ ፊውል ትሪም የሚባለውን ቁጥር አየሁ። ኮምፒውተሩ ቤንዚን ምን ያህል እየጨመረ እንደሚያካክስ ያሳያል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው ሞተሩ ሲዞር፣ 24 በመቶ ነበር። ነዳጅ ሰጥቼ 2500 ዙር ላይ ስይዘው ወደ 5 ወረደ። ፖምፓ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ የሚብሰው ጉልበት ሲጠየቅ ነው። ሚኒሞ ላይ የሚብስ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ከስሮትሉ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚቆጣጠረው በር፣ በኋላ ያልተለካ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ።

ሰፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቁጥሩን ሳሳያቸው «ኮፈኑን ክፈተው ልጄ» አሉኝ። ጣት የምታክል ጎማ ቱቦ በፒንሳ ጨመቅ አደረጉ። ከሞተሩ ይሰማ የነበረው ፉጨት ቆመ። ቱቦዋ ከስር ተሰነጣጥቃለች፤ የድሬ ሙቀት ጎማ አይምርም። አዲስ ቱቦና ሁለት ፋሼታ፣ በቃ። ዋጋው ከሴንሰሩ ጋር አይወዳደርም።

የመኪናው መጽሐፍ መብራቱ ሲበራ ወደ አስመጪው ጋራዥ ውሰድ ይላል። እኔ መጀመሪያ ራሳችሁ አንብቡትና ፎቶ አንሱት እላለሁ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ መኪኖችን መሣሪያዋ ላታነብ ትችላለች፤ ሳትገዙ አስሞክሩ። ፒ0301 ካያችሁ አንደኛው ሲሊንደር በደንብ አያቃጥልም ማለት ነው፤ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን ኮይሉን ከሁለተኛው ጋር ቀያይሩት። ኮዱ ወደ ፒ0302፣ ማለትም ወደ ሁለተኛው ሲሊንደር፣ ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ ካልሆነ ካንዴላውን ፈትሹ። ካታሊስቱ በደንብ አይሠራም የሚለው ፒ0420 ሲመጣም ካታሊስት ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ የጭስ ማውጫው የሚያፈተልክበት ቦታ ካለ ይታይ።

የወጣውንም ዕቃ ተቀበሉ። እኔ አሮጌውን ሴንሰሬን ልጠይቅ ስሄድ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተሽጧል አሉኝ።