48 ሰከንድ ለመሥራት አንድ ዓመት

ጨረስኩት! ባለፈው ሳምንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ የመጨረሻውን ሥዕል አስቀመጥኩና ላፕቶፑን ሳልዘጋ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዬ አጭር አኒሜሽን ነው። ርዝመቱ 48 ሰከንድ። አንዲት አያት መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ትሞክራለች። አልገባ ይላታል። በመጨረሻ ይገባል። ታሪኩ ይኸው ነው።

አኒሜሽን መውደድ የጀመርኩት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። የወደድኩትን ፊልም አሥር ጊዜ አያለሁ። ገጸ ባሕርያቱን ደብተሬ ጠርዝ ላይ እስላለሁ። ላላየው ጓደኛዬ ደግሞ ቁጭ ብዬ ከነድምፁ እተርክለታለሁ። የራሴን ለመሥራት ግን አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስቴም ተውኩት። ለምን እንደምተወው የገባኝ ዘንድሮ ነው። ሥራውን አንድም ቀን ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ቆጠራው ጋ ከመድረሴ በፊት የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። የግራፊክ ዲዛይን ሥራዬን ለቀቅኩ። የጎደለኝ ጊዜ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ቤት ዋልኩ። የሣልኩት ግን ሥራ ላይ እያለሁ ማታ ማታ ከምሥለው ያንሳል። ቀኑ ሰፊ ሲሆን «ከሰዓት እጀምራለሁ» ማለት ይቀላል። የገንዘቡም ሐሳብ እጄን ያዘው። ስለዚህ የግማሽ ቀን ሥራ ፈልጌ ገባሁ። ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት፣ በየቀኑ፣ ያለ ስልክ። አሁንም የምኖረው እንደዚያ ነው፤ ደስ ብሎኛልም።

ቆጠራውን ያስተማረኝ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ስፓይደር ማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደር ቨርስ» ስንቴ እንዳየሁት አላስታውሰውም። አንድ ቅዳሜ ግን ዝም ብዬ ከማየት ይልቅ በየፍሬሙ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ነጠላ ምስል ላይ እያቆምኩ አየሁት። ሁለቱ ስፓይደር ማኖች፣ ማይልስና ፒተር፣ ጫካ ውስጥ በድር እየተወነጨፉ የሚያመልጡበት ቦታ አለ። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል። ፒተር በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ አዲስ አቋም አለው። ማይልስ ግን አንዱን አቋም ለሁለት ፍሬም ይይዘዋል። በሰከንድ 12 ማለት ነው። አኒሜተሮቹ ሆን ብለው ያደረጉት ነው። ማይልስ ገና ጀማሪ ስለሆነ እንቅስቃሴው ቆረጥ ቆረጥ ይላል። ያንን ሳይ ከወንበሬ ተነሣሁ። ለካ ዓይኔ ሁልጊዜ ያየው ነገር ነበር፤ ስሙን ግን አላውቀውም ነበር።

ከዚያ ወረቀት አወጣሁ። ያኔ ልሠራ ያሰብኩት ፊልም አምስት ደቂቃ ነበር። የምትበር ከተማ፣ ሁለት መንታ እህቶች፣ ጦርነት፣ ሁሉም ነገር ነበረበት። አምስት ደቂቃ 300 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 12 ሥዕል ቢሆን 3,600 ሥዕል ይመጣል። እኔ ደግሞ በአንድ ማታ በደህና ሁኔታ የምጨርሰው 6 ሥዕል ነው። 600 ማታ! ቀለሙና ድምፁ ሳይቆጠር።

ያን ወረቀት እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። አምስት ጊዜ የተውኩት ስንፍና ይዞኝ አልነበረም። የማይቻል ነገር ለራሴ አዝዤ ስለነበር ነው።

የምትበረዋን ከተማ አስቀመጥኳት። ከዚያ ትልቅ ታሪክ ውስጥ አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ መረጥኩ፤ የመንታዎቹ አያት ልብስ ስትሰፋ። 48 ሰከንድ በ12 ሲባዛ 576 ሥዕል ነው፤ 96 ማታ። ይኼ ይቻላል።

መሣሪያ የለኝም የሚለውንም ሰበብ ተውኩት። ጊንትስ ዚልባሎዲስ የሚባል የላትቪያ ሰው የሠራው «ፍሎው» እ.ኤ.አ. በ2025 በምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካር አሸነፈ። የተሠራው ማንም ሰው በነፃ በሚያወርደው ብሌንደር በሚባል የአኒሜሽን ፕሮግራም ነው። ዜናውን ስሰማ አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችው ድመት አንድ ቃል አትናገርም። ፍርሃቷ የሚታወቀው በጆሮዋና በጀርባዋ ነው። ብሌንደር ውስጥ ግሪስ ፔንስል የሚባል በእጅ መሣያ አለ። እኔም የሠራሁት በሱ ነው፤ የቆየች ታብሌቴን ሰክቼ።

መጀመሪያ ቁልፍ የሆኑትን አቋሞች ብቻ ሣልኩ። አያቷ ክሩን በምራቋ ታረጥባለች። መርፌውን ወደ ብርሃን ታነሣለች። ዓይኗን ታጠባለች። ትስታለች። እነዚህን ከድምፅ ጋር ደርድሬ ለጓደኛዬ አሳየኋት። «ምን እያደረገች ነው?» አለችኝ። ደነገጥኩ። በኋላ ሳየው ሁለቱም እጆቿ ደረቷ ላይ ናቸው፤ መርፌውም ክሩም ልብሷ ውስጥ ጠፍተዋል። አያቷን ወደ ጎን አዞርኳትና ሰውነቷን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀባሁት። ጥቁር ጥላ ብቻ ሆናም ክር እያስገባች እንደሆነ ካስታወቀ አቋሙ ልክ ነው ማለት ነው። አሁን እያንዳንዱን ቁልፍ ሥዕል እንዲህ ሳልፈትን ወደሚቀጥለው አላልፍም። ጓደኛዬ ያኔ ባትጠይቀኝ ኖሮ አራት መቶ ሥዕል በከንቱ እሥል ነበር።

በአራተኛው ወር ላፕቶፔ አልነሣ አለ። የሁለት ሳምንት ሥራ ጠፋ፤ 70 ሥዕል። ሦስት ቀን ምንም አልነካሁም። ከዚያ እንደገና ሣልኳቸው። ዛሬ እያንዳንዱ ማታ የሚያልቀው ፋይሉን ሁለት ተጨማሪ ቦታ ላይ በማስቀመጥ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምለው የለኝም፤ ዛሬውኑ አድርጉት።

በጣም የከበደኝ ግን ክሩ ከመግባቱ በፊት ያለው ቅጽበት ነው። ስሠራው አያቷ ያለማቋረጥ ትንቀሳቀሳለች። ብዙ ከሣልኩ የተሻለ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ሳየው ግን ምንም አይሰማኝም። እዚህ ያዳነኝ የጃፓኑ የአኒሜሽን ዳይሬክተር ሃያኦ ሚያዛኪ ነው። ለፊልም ሐያሲው ለሮጀር ኢበርት በሰጠው ቃለ መጠይቅ እጁን ጥቂት ጊዜ አጨበጨበና በጭብጨባዎቹ መሃል ያለው ጊዜ በጃፓንኛ «ማ» እንደሚባል አስረዳ። «ስፒሪትድ አዌይ» የሚባለው ፊልሙ ላይ ልጅቷ ባቡር ውስጥ ዝም ብላ የምትቀመጥበትን ቦታ አስታውሱ። ምንም አይከሰትም፤ እኔ ግን ከፊልሙ ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

እኔም እንቅስቃሴውን ቀነስኩ። ክሩ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ አያቷን ሁለት ሰከንድ ሙሉ አቆምኳት። ፍጹም ድርቅ እንዳትል ሦስት ተመሳሳይ ሥዕሎችን እያፈራረቅኩ መስመሯ ትንሽ እንዲንቀጠቀጥ አደረግኩ። እስትንፋሷም ይቆማል። 24 ሥዕል ይፈጅ የነበረው ቦታ በ3 ሥዕል አለቀ፤ የበለጠ የሚሰማኝም እሱ ሆነ። እንዲህ ያሉ ቦታዎችን እየፈለግኩ ስሄድ 576 የነበረው ወደ 412 ወረደ።

ድምፁን በስልኬ ቀዳሁት። ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ። ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ክሩ ጨርቁን ሲነካ፣ የእኔው ትንፋሽ። ሙዚቃ አስገብቼበት ነበር፤ አወጣሁት። ሙዚቃው ሰው ምን እንደሚሰማው ቀድሞ ይናገርብኝ ነበር።

እሑድ ዕለት ያችኑ ጓደኛዬን ጠርቼ አሳየኋት። እኔ ስክሪኑን አላየሁም፤ እሷን ነው ያየሁት። አያቷ ክሩን ስታረጥብ ፈገግ አለች። ስትስት ወደ ፊት ጠጋ አለች። ሁለቱ ሰከንድ ሲመጣ ትንፋሿን ያዘች፤ ደረቷ ሲቆም በዓይኔ አየሁት። ክሩ ገባ። እሷም ተነፈሰች። ከዚያ ምንም ሳትል ከመጀመሪያው ደግማ ከፈተችው።

ቀጣዩን ጀምሬያለሁ፦ ከመንታዎቹ አንዷ ቁልፍ ያጣ ኮቷን ይዛ አያቷ በር ላይ ትቆማለች። 31 ሰከንድ፣ 372 ሥዕል። ትናንት ማታ ስድስቱን ሣልኩ።