የሲኞራ ቆርቆሮና የአያቴ ማህደር

ባለፈው ሰሞን አንዲት አብሮ አደጌ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ደውላ፣ «ጣልያኖች ሲያዩሽ በዓድዋ አፍረው አንገታቸውን ይደፋሉ?» አለችኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ። የኔ እህት፣ አውቶቡስ ላይ ወንበር እንኳ አይለቁልኝም! ብዙዎቹ ዓድዋ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቁም። ኢትዮጵያ ሲባል ትዝ የሚላቸው ቡናና በእነሱ 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ ነው።

ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቄ ጠፋ። ጥያቄዋ አንድ የማልወደውን ምሽት ቀሰቀሰብኝ።

ሥራዬ ባዳንቴ ነው። አሮጊት እጠብቃለሁ። «ልጃችን ጣልያን ናት» እያላችሁ ደረታችሁን የምትነፉ ዘመዶቼ፣ ነገሩ ማጠብ፣ ማብላት፣ ክኒን መቁጠርና ሌሊት ሌሊት መነሳት ነው። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ዕረፍት። ሲኞራዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ዓይናቸው ግን ደክሟል።

አንድ ቀን ከራት በኋላ ከቁም ሳጥኑ ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አስወረዱኝ። ውስጡ የአባታቸው ደብዳቤዎች አሉ። ሰውዬው አገራችን የዘመተ የጦር መኪና ሹፌር ነበር። እያንዳንዱ ወረቀት ላስቲክ ለብሶ፣ በቀኑ ተደርድሮ፣ በሰማያዊ ጥብጣብ ታስሯል። «እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። ጀመርኩ። አንዱ ላይ «ደብራ ብርሃን» የሚል አየሁና ልቤ ቀጥ አለች። ብርዱን ያማርራል። ብርዱስ እውነቱን ነው፤ ደብረ ብርሃን ለማንም አታዳላም። ከዚያ ሽፍቶች ተኩሰውብን በአካባቢው ያሉትን ጎጆዎች አቃጠልን ይላል። አንድ መስመር ብቻ። ወዲያው እናቱን የሱፍ ካልሲ ላኪልኝ ብሎ ይለምናል። ካልሲው ጋ ስደርስ ሲኞራ አለቀሱ።

እኔ ጎጆው ጋ ቀርቼ ነበር።

እንባቸውን ጠርገው፣ «ያንቺስ አያት ይጽፉ ነበር?» አሉኝ። በክፋት አልነበረም። መልስ አጣሁ። ዝም ስል ጉንጬን ዳበስ አድርገው «ፖቬሬቲ» አሉ። ምስኪኖች ማለት ነው፤ ፊደል ያልቆጠሩ ምስኪኖች። ዳዊት በቃሉ የሚወጣውን ሰው! ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር ጫካ ገብቶ ለሚስቱ ደብዳቤ ይጽፍ የነበረውን ሰው!

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ትሉኛላችሁ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ከአያቴ ማህደር፣ ከዳዊቱ የቆዳ ማንገቻ፣ ወረቀት መዝዤ ቆሎ ጠቅልዬበት ትምህርት ቤት ሄጃለሁ። አንድ ቀን ብቻም አይደለም። ማህደሩ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ጭስ ሲጠጣ ነው ያደግነው። ዳዊቱን እየተሳለምን፣ ዳዊቱ ውስጥ የተሸጎጠውን ብጫቂ እንቀደው ነበር። ጣልያን የካልሲ ልመናን በጥብጣብ ያስራል፤ እኛ የአርበኛን ቃል ቆሎ እንቋጥርበታለን። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አምና ለገና አገር ቤት ስገባ ማህደሩን አስወረድኩ። ዘጠኝ ደብዳቤ ተርፏል። አንዱ ጠላት ከአውሮፕላን በበተነው ወረቀት ጀርባ ላይ የተጻፈ ነው። እኔ ፉከራ ነበር የጠበቅሁት። አያቴ ግን የሚጽፈው ስለ ጨው ነው። በሶ ላኪ፤ በቅሎዋን እንዳትሸጪ፤ ብርዱ ስለጠና የሱፍ ባናውን በሰው ላኪልኝ። ባናው ጋ ስደርስ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

እቅዱ የተወለደው ያኔ ነው። እናቴ የ21 ማርያም ማኅበር አላት። የአክስቴ ልጅ ደግሞ አስተማሪ ነው። በየወሩ ከዳቦውና ከጠላው በኋላ በጦርነቱ ዘመን በዚያው ወር የተጻፈ ነገር ያነባል። ከመስከረም 1928 እስከ ሚያዝያ 1933 ቆጠርኩት፤ ጳጉሜን ትተን 68 ወር። ዘጠኝ ደብዳቤ ይዤ 68 ማኅበር! እናቴ ሰምታ፣ «እኔስ እስከዚያ እቆያለሁ?» አለች። ለመቆየት ምክንያት ይሁንሽ አልኳት።

ጎደሎው ከየት ይሞላል? መስከረም 1928 የክተት አዋጁ አለ። ሰኔ 1928 ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ ያደረጉት ንግግር አለ። ግንቦት 1929 ከባድ ነው፤ ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንዲገደሉ ለጄኔራል ማሌቲ ያስተላለፈው ትእዛዝ። ለሌሎቹ ወራት የየጎረቤቱን ማህደር እየለመንን ነው። ሲኞራም ሦስት ደብዳቤ በስልኬ እንዳነሳ ፈቅደውልኛል። «እዚያ ሲነበብ አባቴን ይወዱት ይሆን?» አሉኝ። ካልሲው ጋ ምናልባት፣ አልኳቸው።

ቀን ማመሳከሩ ራሱ አበሳ ነው። የአያቴ በኛ፣ የሹፌሩ በፈረንጅ። በዚያ ላይ ፋሺስቶቹ ሮም ከገቡበት ከ1922 የሚቆጥሩት ሌላ ዓመት በሮማ ቁጥር ጨምረውበታል። ሦስት ዘመን አቆጣጠር! ሚያዝያ 1931 በፈረንጅ 1939፣ በእነሱ ደግሞ 17ኛው ነው። ያ ወር ለመንዝ ሰው ሌላ ነው። ዘረት፣ አመፀኛ ዋሻ የተጠለለው ሕዝብ በመርዝ ጋዝና በጥይት ያለቀበት። አገሬው ሁልጊዜም ያውቀው ነበር። የውጭው ዓለም የሰማው ግን በፈረንጅ 2006፣ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣልያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ከራሳቸው ጦር መዝገብ ቤት ሰነዱን ካወጣው በኋላ ነው። የገዳዩ ወረቀት በሥርዓት ተቀምጦ ነበራ። የኛን እንጃ፣ ስንቱ ቆሎ ሆኖ እንደቀረ።

እናንተ ለመምጣት የምታስቡ፣ በበረሃና በጀልባ የሚሏችሁን ደላሎች አትስሙ። በሕጋዊ መንገድ የምትመጪም ብትሆኚ ያለ ውል አንድ ቀን አትሥሪ። ምግቡም ብርዱም ይለመዳል። ግን ሳትነሺ በፊት የቤታችሁን ማህደር ፈትሺ፣ ወረቀቱን በስልክሽ አንሺ፣ የአያትሽን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ተማሪ። እዚህ አንድ ቀን የሚጠይቅሽ አይጠፋም። «አላውቅም» ማለት ሽንት ቤት ከማጠብ በላይ ያማል። ሁለቱንም ስላየሁ ነው።

አሁን የቸገረኝ አንድ ደብዳቤ ነው። አያቴ በጥር 1931 የጻፈው። መንገድ እየመራ ጠላትን ያስገባባቸውን ባንዳ በስሙ፣ ከነአባቱ ስም ይጠራዋል። የሰውዬው የልጅ ልጅ የእናቴ ማኅበርተኛ ነው። አባቴ ሲሞት ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ስሙን ዘልዬ ላንብበው ይላል። እኔ ይነበብ እላለሁ። ጣልያን ተቀምጦ መድፈር መቼ ይከብዳል?

እናቴን ጠየቅኋት። ቆየት ብላ፣ «አባቴ የጻፈው አይቆረጥም፤ ይነበብ» አለች። «ብቻ በኔ ተራ እንዳይውል።»

«አይውልም። ጥር ነው፤ አስተርዮ ማርያም።»

ስልኩ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ ተጣራሁ።

«ጥር እኮ የሱ ተራ ነው» አለች።