72ቱ ሰዓት ሲቆጠር እኔ ማመልከቻ እጽፍ ነበር

በደብረ ማርቆስ አነስተኛ የግል ክሊኒክ አለኝ። ከቢቸናና ከደጀን የሚመጡ ታካሚዎች ለአንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ሲሉ ተመልሰው እንዳይጉላሉ በማሰብ ውጤቱን ፎቶ አንሥተን በቴሌግራም መላክ ጀምረን ነበር። አንድ ዓርብ ማታ የካርድ ክፍል ሠራተኛችን «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ሊንክ ከፍታ የመጣላትን ኮድ አስገባች። እኔ ያወቅሁት ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ አዛውንት ታካሚ ደውለው «ምነው ልጄ፣ ሳልታከምም በቴሌብር ክፈል ትሉኛላችሁ?» አሉኝ።

ሌባው በዚያ ኮድ ወደ ክሊኒኩ የቴሌግራም አካውንት ገብቶ ነበር። የእርሱን ስልክ ከአካውንቱ አስወጥተን የይለፍ ቃል መጨመሩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። የተረፈውን ያዳንሁ መስሎኝ ውጤት የተላከባቸውን ንግግሮች በሙሉ አጠፋሁ፤ የማን ውጤት እዚያ እንደነበረ የሚያሳየውን ብቸኛ ማስረጃም አብሬ ደመሰስሁ።

ሰኞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ባለሙያው በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ ማመልከቻው የክሊኒኩ ማኅተም ስለሌለበት እንደማይቀበለው ነገረኝ። ማኅተም አስመትቼ ስመለስ ደግሞ ጉዳዩ እነርሱን እንደማይመለከት፣ ማንን እንደሚመለከትም እንደማያውቅ ገለጸልኝ። ይህን ጠዋት ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እርግጥ ነው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን እኔም አላነበብሁትም ነበር። አዋጁ የግል መረጃ ጥሰት በታወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅን ግዴታ እንደሚያደርግ አንድ የሕግ ባለሙያ የነገረኝ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጊዜው ግን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አልቆ ነበር። ጊዜው በሰዓት እንጂ በሥራ ቀን አልተጻፈም፤ ይህን ስሰማ መጀመሪያ እሑድን ቀንሼ ያሰላሁት እኔ ነኝ። ማስታወቂያውን ረቡዕ፣ ከመዘግየቱ ምክንያት ጋር ላክሁ።

የሕግ ባለሙያው ማጣራቱ እስኪያልቅ ለታካሚዎች ምንም እንዳልናገር መክሮኝ ነበር። በዚህ አልስማማም። ሌባው በክሊኒኩ ስም ገንዘብ እየለመነ ማጣራት እስኪያልቅ መጠበቅ ደንበኞችን ለሌባው አሳልፎ እንደ መስጠት ነው። በዚያው ቀን ይደውሉ፤ ለባለሥልጣኑም ያወቁትን ያህል ጽፈው ይላኩ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ አንዲት መልእክት ሳይነኩ የሁሉንም ገጽ ፎቶ ያንሡ።

እኔ ከመዝገብ ላይ ስልክ እየለቀምሁ ስደውል አንዲት የቢቸና ሴት «ውጤቴን አይተውታል ወይስ አላዩትም?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኋት። «ለባለቤቴ እንኳ አልነገርሁትም እኮ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አሁን ውጤት የምንሰጠው በፖስታ አሽገን፣ ለታካሚው ብቻ፣ በእጅ አስፈርመን ነው። ከሩቅ የሚመጡት ምልልሱ በዛብን እያሉ ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው።