ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ አትጣሉ

ጅማ ውስጥ መኪናው ሞቆበት ጋራዥ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «ቴርሞስታት ለበረዶ አገር ነው፣ አውጣውና ተገላገል» የሚል ነው። ይህ ምክር ሞተር ይገድላል፤ በብርድም በሙቀትም።

ቴርሞስታት ውስጡ ሰም ያለበት ቫልቭ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል። ውሃው 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሰሙ ቀልጦ ያብጥና ቫልቩን ይከፍተዋል። በ88 የሚከፈትም አለ፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ አካሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በፒስተንና በሲሊንደር መካከል ያለው ክፍተት፣ የዘይቱ ውፍረት፣ የነዳጁ አረጫጨት ሁሉ የተሰላው ሞተሩ 90 ዲግሪ አካባቢ እንደሚሠራ ታስቦ ነው። ቴርሞስታቱ ከወጣ በሐምሌ ዝናብ ከጅማ መርካቶ ወደ ቆጪ ሰፈር የሚመላለስ መኪና ቀኑን ሙሉ ሳይሞቅ ይውላል። ያልተነነው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል፣ ወርዶም ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ሴንሰር ያለው መኪና ደግሞ «ሞተሩ ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። መኪናው ነዳጅ በላ ብላችሁ ካንዴላ ከመቀየራችሁ በፊት የሙቀት ጌጁን እዩ፤ ሩብ ሰዓት ተነድቶም መርፌው ከታች ከሆነ ምክንያቱ እዚያ ነው።

በሙቀት በኩል ያለው ጉዳት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ከታች አንድ ትንሽ ሰሃን አለው። ቫልቩ ሲከፈት ሰሃኑ ወርዶ የባይፓሱን (ውሃው በራዲያተር ሳያልፍ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ) ቀዳዳ ይደፍናል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ ያ ቀዳዳ ክፍት ይቀራል፤ ትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይዞራል። እንዳይሞቅ ተብሎ የተነቀለው ዕቃ በዳገት የሚያሞቀው በዚህ ምክንያት ነው።

መበላሸቱን ለማወቅ ድስት ይበቃል። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥሉት፣ የድስቱን ታች እንዳይነካ አድርጉ፣ ቴርሞሜትር ጨምሩና ውሃውን ቀስ ብላችሁ አሙቁ። የ82ቱ ከ80 እስከ 84 ባለው ውስጥ መላቀቅ መጀመር አለበት፤ በ95 ዲግሪ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መከፈት አለበት። እዚህ ላይ የጅማን ከፍታ አትርሱ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አልፈን ስለምንኖር ድስታችን ውስጥ ያለው ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቢንተከተክ ከዚያ አያልፍም። የ82ቱ ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ጥቂት ቢቀረው፣ የ88ቱም በከፊል ብቻ ቢከፈት ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ሳይላቀቅ የቀረውን፣ ወይም ቀዝቅዞም ያልተዘጋውን ግን ቀይሩ። ስትገጥሙት ትንሿ የአየር ማሳለፊያ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ነው የምትሆነው፤ ሲወጣ እንዴት እንደነበረ አይታችሁ መልሱት።

ያው ከፍታ የራዲያተር ክዳንን ትልቅ ነገር ያደርገዋል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው 94 ላይ ይፈላል፤ ቴርሞስታቱ ከተከፈተ በኋላ 12 ዲግሪ ብቻ ነው ያላችሁ። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 115 ይወስደዋል። ጎማው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይሩት፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከድሮው ጋር አንድ ይሁን። ሞተሩ ሲበርድ የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ጠፍጣፋ ሆኖ ከተጣበቀ፣ በክዳኑ መሃል ያለችው ትንሿ የመሳቢያ ቫልቭ ተደፍናለች ማለት ነው።

«ጅማ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ኩላንት (ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) እዚህ የሚፈለገው ዝገትን ለመከላከል፣ የውሃ ፓምፑን ማሸጊያ ለመጠበቅና መፍያውን ጥቂት ለመጨመር ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ሞተር ውስጡ ቡና ዓይነት ይሆናል፤ ዝገቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ በቂ ነው። ትናንሽ የቤት መኪኖች በጠቅላላው ከ4 እስከ 6 ሊትር ይይዛሉ። ለተጣራ ውሃ ብላችሁ የባትሪ ውሃ ስትገዙ አሲድ አለመሆኑን ዕቃው ላይ አንብቡ። ቀለም አትመኑ፤ አረንጓዴም ቀይም የፋብሪካው ምርጫ ነው። ዓይነታቸው የማይስማማ ኩላንቶች ሲቀላቀሉ እንደ ጄል ሊረጉ ይችላሉ፤ ውስጥ ያለውን ካላወቃችሁ አፍስሳችሁ አጥባችሁ አዲስ ሙሉ።

ጭቃው የክረምት ጉዳይ ቢመስልም ጉዳቱ የሚታየው በበጋ ነው። በአጋሮና በሊሙ መንገድ የተረጨው ጭቃ ራዲያተሩ ላይ ይደርቃል፤ ከጥቅምት ወዲህ የቡና ገለባና አቧራ ይጨመርበታል። ኤሲ ባለው መኪና ቆሻሻው በኮንዴንሰሩ (ከፊት ባለው የኤሲ ማቀዝቀዣ) እና በራዲያተሩ መካከል ስለሚሸሸግ ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በተራ የውሃ ጎማ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እጠቡት። የላቫጆ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል፣ የታጠፈ ክንፍ ደግሞ አየር አያሳልፍም። (አብዛኛው ባጃጅ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ የሱ ሥራ የሞተሩን ክንፎች ከጭቃ ማጽዳት ብቻ ነው።)

ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ጊቤ ወርዶ መውጣት አለበት። ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ እያስጨነቃችሁ አትውጡ። ማርሹን ቀንሱ፤ ሞተሩ ሲፈጥን የውሃ ፓምፑም ይፈጥናል። መርፌው ከመሃል ማለፍ ከጀመረ ኤሲውን አጥፉ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ሂተር ማለት ትንሽ ራዲያተር ነው። ካልመለሰ፣ ወይም እንፋሎት ካያችሁ፣ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ቢያንስ 45 ደቂቃ ክዳኑን አትንኩ፤ ጨርቅ ደርቦ መክፈት ፊትና እጅ አቃጥሏል። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊሰነጥቀው ይችላል።

ስትመረምሩ በቀላሉ ጀምሩ። የላይኛው ማኒኮቶ እያቃጠለ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም ወይም ራዲያተሩ ተደፍኗል። ቆሞ እየሞቀ ሲሄድ የሚበርድ ከሆነ ፋኑን እዩ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ተነሥቶ ወዲያው ማኒኮቶው እንደ ድንጋይ ከጠጠረና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካላቆመ የተበላሸው የቴስታታ ጋስኬት (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ብታዩ ግን ቶሎ ቴስታታ አታስወርዱ፤ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ፣ በደንብ የማይሞቅ ሞተርም ያንን ያሳያል። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ሳቡ፤ እዚያ ላይ ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ውሃውም ካልቀነሰ፣ ሞተሩ የፈለገው መሞቅ ነው።

ውሃውን ስትሞሉ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሙት፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ይሥራ፤ የላይኛውን ማኒኮቶ ጨመቅ ለቀቅ እያደረጋችሁ አየሩን አስወጡ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ይወርዳል፣ ጨምሩና ክዳኑን ዝጉ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ እንደገና እዩት፤ ግማሽ ሊትር ያህል ሊጎድል ይችላል።