«ዛይ» እና «ላይ»

ናንጂንግ፣ እሁድ ማታ

ዛሬም የላብራቶሪ ጓደኛዬን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳርም ዋልኩ። ልጁ ሰነፍ እንዳይመስላችሁ፤ በቃላት ብዛት እኔን ያስከነዳኛል። የሚያስቸግሩት እነዚያ ጥቃቅኖቹ መስተዋድዶች ናቸው።

«ኦን ዘ ኒውስፔፐር» ብሎ ጽፏል። «ኢን ነው» አልኩት። «ጽሑፉ ያለው ወረቀቱ ላይ አይደል እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? እኔስ አገሬ «ጋዜጣ ላይ አነበብኩ» አይደል የምለው!

ቻይንኛ «ዛይ» የምትባል ቃል አለችው። ኢንንም፣ ኦንንም፣ አትንም ጠቅልላ ትይዛለች፤ ልክ እንደኛ «በ»። ዝርዝሩ የሚመጣው ከስሙ በኋላ ነው። ላይ ከሆነ «ሻንግ»፣ ውስጥ ከሆነ «ሊ» ይጨመራል። እኛ «በጠረጴዛው ላይ» እንደምንለው ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ በቦታው ከጀመረ ደግሞ «ዛይ»ን አብዛኛውን ጊዜ ይጥሏታል፦ «ጁኦዝ ሻንግ ዮው ሹ»፣ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ አለ። «አለ» የሚለው ከመጽሐፉ ፊት መግባቱን ካልቆጠርነው፣ ቁርጥ አማርኛ! እኔ በዚህ በጣም ነው የተደሰትኩት፤ እሱ ግን ብዙም አልገረመው።

ቀንም ላይ እንደዚያው ነው። ሰኞ እመጣለሁ ሲሉ ከሰኞ ፊት ምንም አያስገቡም። ስለዚህ ከ«መንዴይ» ፊት ኦን ትጠፋለች። «ዌይት ሚ»ም ከዚያው የመጣ ነው፤ «ደንግ ወ»፣ ጠብቀኝ፣ አለቀ።

«አንደር ዩር ሄልፕ» የሚለው ግን የነሱ ብቻ ነው። በቻይንኛ የሰው እርዳታም «ሺያ»፣ ማለትም ሥር፣ ይገባል። አመራር ሥር ከተባለ እርዳታ ሥር የማይባልበት ምክንያት አይታየውም። እውነቱን ለመናገር ለኔም አይታየኝም።

ስህተቱ ሁሉ ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ይመጣል ማለት ግን አይደለም። «ዲስከስ አባውት» ይላል። በቻይንኛ መወያየት ለሚለው ግስ መስተዋድድ አያስፈልገውም። ይሄን «ቶክ አባውት» ከሚለው የወሰደው ይመስለኛል። የኛም ሰዎች ይሉታል።

የሚገርመው ጋኦካኦ ላይ፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው፣ ክፍት ቦታ ሙላ የሚለውን አሳምሮ ነው የሠራው። እኔ እንደሚገባኝ፣ ክፍት ቦታው ራሱ «እዚህ ጋ አንድ ነገር ጎድሏል» ብሎ ይነግረዋል። ራሱ ሲጽፍ ግን ማን ይንገረው? ደንቡን ማብራራት እኔንም ስለደከመኝ፣ አሁን ግሱን ከነተከታዩ አንድ ላይ እንዲሸመድድ ነግሬዋለሁ። ደብተሩ ላይ «ዌይት ፎር»፣ «ዲፔንድ ኦን» እያለ ይደረድራል።

«ማሪ» ላይ ስንደርስ ተጣላን። በቻይንኛ ሰው የሚጋባው ከሰው «ጋር» ስለሆነ «ማሪ ዊዝ» ብሎ ጽፏል። ዊዝን ሰረዝኩበት። መልሶ ጻፋትና «ብቻውን የሚያገባ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ።