የሾላ ዛፍ ራሱን የሚጠብቅባቸው መንገዶች

የሾላ ቅጠል ሲቀነጠስ ወዲያው የሚንጠባጠበውን ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ የማያውቅ የገጠር ልጅ ያለ አይመስለኝም። ፈሳሹ በቅጠሉ፣ በቅርንጫፉና ባልበሰለው ፍሬ ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች በግፊት ታምቆ ስለሚቆይ፣ አባጨጓሬ ቅጠሉን በነከሰበት ቅጽበት ወደ ቁስሉ ይፈስሳል። ከዚያም እየረጋና እየተጣበቀ የትንንሽ ነፍሳትን አፍ ይለጉማል፤ ቁስሉንም ደፍኖ ለፈንገስና ለባክቴሪያ መግቢያ ያሳጣል።

ከማጣበቁ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን በውስጡ ያለው መርዝ ነው። የሾላና የበለስ ወገን የሆኑ ዛፎች ፈሳሽ ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ይዟል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2004 ባሳተሙት ጥናት የአንድ የዱር በለስና የፓፓያ ቅጠሎችን ለአባጨጓሬዎች አብልተው ነበር፤ ከእነዚህም መካከል በአገራችን በጉሎ ቅጠል የሚረባው የኤሪ ሐር ትል ይገኝበታል። ትሎቹ ቅጠሉን እንዳለ ሲበሉ ሞቱ ወይም እድገታቸው ተገታ፤ ቅጠሉ ተከትፎ ፈሳሹ ታጥቦ ሲወጣ ግን ያለ ችግር አደጉ። ለፍሬው በጓሮ የሚተከለው በለስ (ቁልቋሉን ማለቴ አይደለም) በዚህ ላይ ሶራሌን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው፣ ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ስለዚህ ቅርንጫፉን የሚገርዝ ሰው ጓንትና እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ቢለብስ ይበጀዋል።

ፍሬው የራሱ ጠላት አለው። በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ያለውን የሾላ አበባ የምታዳቅለው ደቃቅ ተርብ በፍሬው ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ እስኪነቀል ድረስ ትጨነቃለች፤ ሌሎች ጥገኛ ተርቦች ግን ረጅም የእንቁላል መጣያቸውን ከውጭ ሰክተው የእርሷን ልጆች ያጠፋሉ። እዚህ ላይ ዛፉን የሚታደጉት ጉንዳኖች ናቸው። በ1988 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ በሾላ ፍሬ ላይ የሚኖር አንድ ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ይህን ሊልሱ የሚመጡት ጉንዳኖች ጥገኛ ተርቦችን ያባርራሉ፤ ጉንዳን በሚመላለስባቸው ፍሬዎች ውስጥም አዳቃይዋ ተርብና ዘሩ ከጥቃት ይድናሉ። ዛፉን ይመጥጣል የምንለው ነፍሳት በዚህ መንገድ ለዛፉ ዘብ ይጠራለታል ማለት ነው። ጉንዳን ባየን ቁጥር መርዝ ለመርጨት መቸኮላችን ልክ አይመስለኝም።

መከላከያው ሁሉን አይችልም። አንዳንድ አባጨጓሬዎች አስቀድመው ፈሳሹ የሚያልፍባቸውን የቅጠሉን ጅማቶች በጥርሳቸው በመቁረጥ ፈሳሹ ወደሚበሉት ክፍል እንዳይደርስ ያደርጋሉ። በለስን የሚያዥጎረጉረው የሞዛይክ ቫይረስ ደግሞ የሸረሪት ዘመድ በሆነች፣ በዓይን በማትታይ እጅግ ደቃቅ ተባይ ይተላለፋል፤ በተቆረጠ ቅርንጫፍም ስለሚተላለፍ፣ ከታመመ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል በሽታውን አብሮ መትከል ነው። ነጩን ፈሳሽ የሚገፋው ግፊት የሚመነጨው ዛፉ ከሚያገኘው ውኃ በመሆኑም፣ በበጋ የተጠማ ዛፍ ሲቆረጥ የሚያፈስሰው ጥቂት ነው። በጓሮዬ ያለው በለስ ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር ከመድኃኒት በፊት ሥሩን አጠጣለሁ።