ከሦስቱ የትኛው ቡሬ?

አድራሻው ላይ «ቡሬ» ብቻ ተጽፎ የሚላክ ጭነት ያሳስበኛል። የጎጃም ሰው ቡሬ ሲባል የምዕራብ ጎጃሙን ብቻ ያስባል። ነገር ግን ኢሉ አባ ቦራም ቡሬ አለ። ሌላው በአሰብ መንገድ ኤርትራ ድንበር ላይ ነው፤ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት «ቡሬ ግንባር» ሲባል የነበረው።

የድንበሩ እምብዛም አያሳስትም። የሚያደናግሩት ሁለቱ ናቸው፤ መንገዱ ያገናኛቸዋልና። ከጎጃሙ ቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደቡብ የሚሄድ ነቀምት ይደርሳል። ከነቀምት ደግሞ በደሌን፣ መቱንና ጎሬን አልፎ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ሌላውን ቡሬ ያገኛል። ስለዚህ «በነቀምት በኩል ቡሬ» የተባለ ሾፌር ነቀምት ላይ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ቢያቀና ትእዛዙን አልጣሰም።

ወረዳ መጻፍ ብቻውን አያድንም፤ በሁለቱም ቦታ ወረዳው ራሱ ቡሬ ይባላል። ቀበሌ 01ማ የትም አለ። የሚለየው ዞኑ ነው። እንዲህ ጻፉት፦ አማራ ክልል፣ ምዕራብ ጎጃም ዞን፣ ቡሬ ከተማ፣ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ መካከል። የጎረቤት ከተሞችን ስም መጨመር ለሾፌርና ለረዳት ከዞኑ ስም ይበልጥ ይጠቅማል።

በስልክ ካርታ የምትልኩ ከሆነ ቁጥሩን ተመልከቱ። የጎጃሙ ቡሬ በሰሜን 10፣ በምሥራቅ 37 ብሎ ይጀምራል፤ የኢሉ አባ ቦራው 8 እና 35 ነው።

አዴትም እንዲሁ ነው። የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት የይልማና ዴንሳው አዴት ነው፤ ትግራይም አዴት አለ። ዘር የምታዝዙ ልብ በሉ።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ሁለት እንግሊዛውያን ወጣቶች ወደ አውስትራሊያ ሲድኒ እንሄዳለን ብለው ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ካለችው ሲድኒ አርፈዋል። የአየር ቲኬት ስትቆርጡ ከከተማው ስም ይልቅ ሦስቱን የኤርፖርት ፊደላት አንብቡ፤ የአውስትራሊያው ኤስ-ዋይ-ዲ፣ የካናዳው ዋይ-ኪው-ዋይ ነው።

የድሮ ሰነድ ላይ «ቡሬ፣ ጎጃም ክፍለ ሀገር» የሚል ካለ አትሰርዙት፤ የዛሬውን ዞን ከጎኑ ጨምሩበት። ለደብረ ማርቆስ መንቆረር፣ ለእንጅባራ ኮሶበር የሚል የቀድሞ ስም ብታገኙም ሁለቱንም ስም አብራችሁ አስመዝግቡ።